ያልተጻፈበት ድንጋይ

ሜቲ ቫይደርት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሜርትሊንገን ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኖ በሠራበት ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የዛሬን ወረቀት ለነገ አሳድሮ አያውቅም። የመንደሩ ሸንጎ ማታ እየተጯጯኸ የተበተነበት ጉዳይ በማግስቱ ጠዋት በጠራ ፈረንሳይኛ ተተይቦ፣ ማኅተም አርፎበት ጠረጴዛው ላይ ይገኝ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ለሚስቱ መቃብር ድንጋይ የሚሆን አንድ መስመር መጻፍ አቅቶት አሥራ አንድ ወር ሙሉ ተቸገረ ቢባል የሚያምን አይገኝም። የሆነው ግን ይኸው ነው።

ሌኒ የሞተችው ባለፈው ኖቬምበር፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ድንጋዩ በክረምቱ ተገዛ፣ በጸደይ ተላገ፤ ከዚያ ወዲህ ከአደሊኖ የድንጋይ ሥራ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቃል ይጠብቃል። መቃብሩ ላይ የቆመው የእንጨት መስቀል ብቻ ነው፤ ቀለሙን ዝናብ አጥቦት ስሟ አይነበብም። በዓሉ በሚከበርበት በኖቬምበር 1 ቀን ደግሞ የመንደሩ ሰው፣ ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር የሄደው ሳይቀር፣ አበባውን ይዞ መካነ መቃብሩ ውስጥ ይቆማል። ቄሱ በየመቃብሩ እየዞሩ ጠበል ይረጫሉ፤ ሰውም የራሱን ሙት አይቶ ሲያበቃ ዓይኑን ወደ ጎረቤቱ ሙት ይልካል። በዚያ ቀን የሌኒ መቃብር ስም አልባ ሆኖ መታየቱ ለሜቲ ሞት ነበር። አደሊኖም ቁርጡን ነግሮታል። ቃሉ ቅዳሜ ኦክቶበር 22 ማታ ካልደረሰው ድንጋዩ ለበዓሉ አይቆምም።

እ.ኤ.አ. በ1983 በዚያች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜቲ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁለት ወረቀት ይዞ ቁልቁል ወረደ። በአንዱ ላይ በፈረንሳይኛ፣ በሌላው ላይ በጀርመንኛ ጽፏል። የወይኑ ለቀማ ካለቀ ሳምንት ቢሆነውም መንደሩ አሁንም የተጨመቀ ወይን ይሸታል። ከሞዘል ወንዝ ዳር ሲደርስ ዮዚያን በብስክሌት ደረሰችበትና አንድ እግሯን መሬት ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ዮዚያን የሌኒ እህት ልጅ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የመንደሩን ሕፃናት ታስተምራለች፤ ነገር ከያዘች እንደማትለቅ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

ሰላምታ ተለዋውጠው ስለ ጤናና ስለ ዘንድሮው ወይን ከተጠያየቁ በኋላ ዮዚያን ከብስክሌቷ ቅርጫት አንድ አቃፊ አወጣች። የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሉክሰምበርግኛን ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎ በሚሰይም ሕግ ላይ ሊወያይ ነው፤ እሷና ጓደኞቿ ደግሞ ሕጉን የሚደግፍ ደብዳቤ አዘጋጅተው ፊርማ እየሰበሰቡ ነው። የአጎቷ ፊርማ ከሃያ ሰው ፊርማ እንደሚበልጥ በግልጽ ነገረችው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደሩን ወረቀት የጻፈ ሰው ከፈረመ ሌላው አያመነታም።

ሜቲ መነጽሩን አደረገና እንደ ልማዱ በቆመበት ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሁለት ስሕተት አገኘ፤ ሁለቱንም በጥፍሩ አሳያት። ከዚያ ወረቀቱን መለሰላት።

«ጥሩ ደብዳቤ ነው» አለ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። ቋንቋችን ይከበር የሚለውን ደብዳቤ ለምን በፈረንሳይኛ ጻፍሽው?»

ዮዚያን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ለመንግሥት የሚጻፍ ደብዳቤ በሌላ ቋንቋ ሊጻፍ እንደሚችል ለእሷም፣ ለጓደኞቿም፣ እስካሁን ለፈረሙት ስድሳ ሰዎችም ትዝ አላላቸውም። ይህን የመሰለ ስሕተት የሚሠራው የዚህ አገር ሰው ብቻ ነው። እዚህ ሰው በአንዱ ቋንቋ ያወራል፣ በሁለተኛው ጋዜጣ ያነባል፣ በሦስተኛው ይከሰሳል፤ ሲሞትም በሕይወቱ አንድ ቀን ባልተናገረበት ቋንቋ ይቀበራል። ይህንንም እንደ አየር ጠባይ ለምዶት ይኖራል።

«አሸነፉኝ» አለች ዮዚያን። «ቢሆንም እኮ አጎቴ፣ ይሄ የእርስዎን ሳይሆን የእኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው።»

ሜቲ ሳቀ። ወደ አደሊኖ እየሄደ መሆኑን ሲነግራት ብስክሌቷን እየገፋች አብራው መራመድ ጀመረች። መንገዱ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ እነሱ ግን በየሁለት እርምጃው ስለሚቆሙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው።

ሜቲ ተቃውሞውን ቅደም ተከተል አስይዞ ነበር የሚያቀርበው፤ ሌላ አነጋገር አያውቅም። በመጀመሪያ፣ ሉክሰምበርግኛ የጓዳና የወይን ቤት ቋንቋ ነው አለ። እሱ ራሱ የሚቀልደው፣ የሚቆጣውና የሚጸልየው በሱ ነው፤ ይወደዋል። ነገር ግን የርስት ክርክር፣ የቀዶ ጥገና፣ የቀረጥ ነገር ሲመጣ ቃሉ ያልቃል። ዮዚያን እንዲህ ስትል መለሰች፤ ቃል የሚያልቀው ካልተሠራበት ነው፤ ሳሎን ያላስገቡትን ልጅ ሳሎን መቀመጥ አያውቅም ብሎ መውቀስ ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የእንጀራ ጉዳይ ነበር። እኛ ከአራት መቶ ሺህ የማንሞላ ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን የሚበሉት በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው፤ እሱን ጥለን ማን ያናግረናል አለ። ይህን ስትሰማ ዮዚያን ረቂቁን ከአቃፊዋ አውጥታ አስነበበችው። የሚጣል ነገር የለም። ሕግ በፈረንሳይኛ መውጣቱን ይቀጥላል፤ መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት በሦስቱም ይሠራሉ፤ አዲሱ ነገር አንድ ዜጋ በራሱ ቋንቋ ለመንግሥት ቢጽፍ መሥሪያ ቤቱ በተቻለው መጠን በዚያው ቋንቋ እንዲመልስለት ማዘዙ ነው። ሜቲ አንቀጹን ደግሞ አነበበውና «በተቻለ መጠን የምትለዋ ብዙ ጸሐፊ ታሳርፋለች» ብሎ ተሳለቀ። ክርክሩ ግን እንዳልጸናለት ያውቅ ነበር።

ሦስተኛው ከባዱ ነበር። ይህንን ሲናገር ቆመና ወንዙን ማዶ፣ የጀርመንን ዳር ተመለከተ።

«አንቺ አልነበርሽም» አለ። «እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጀርመኖቹ በጦርነቱ ጊዜ መጥተው መጀመሪያ የነኩት ቋንቋ ነው። ፈረንሳይኛ መናገር ክልክል አሉ፤ ‹ሜርሲ› ብሎ ያመሰገነ ሰው ይቀጣ ነበር። የመንገዱን ስም ቀየሩ፤ የአባቴን የጥምቀት ስም ሳይቀር ወደ ጀርመን ስም ለወጡት። አንድ አገር አንድ ቋንቋ ሲባል እስካሁን አንገቴን ይበላኛል። ቋንቋ ማኅተም ሲይዝ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።»

ዮዚያንም ብስክሌቷን አቁማ ወደ ማዶ ተመለከተች። አስተዋይ ልጅ ናት፤ የሰው ቁስል ላይ ቶሎ መልስ አይለጠፍም።

«እናቴ የነገረችኝን እርስዎም ያውቁታል» አለች ቆይታ። «እነሱው ሕዝብ ሲቆጥሩ ቋንቋችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የአካባቢ አነጋገር ቋንቋ አይባልም፣ እንዳትጽፉት ብለውም አስጠነቀቁ። ያኔ አክስቴ ሌኒ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። እጅ ጽሕፈቷ ያምራል ብለው አያቴ ቅጹን ለእሷ ሰጧት። ምን ብላ ጻፈች?»

«ሉክሰምበርግኛ» አለ ሜቲ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዜግነት በሚለውም፣ ቋንቋ በሚለውም፣ ትውልድ በሚለውም ቦታ። እስር ቤት ሊያስገባት ይችል ነበር። አጎቴ፣ ያኔ ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ቋንቋ ነው ብለን፣ ዛሬ ማንም ሳያስፈራራን የጓዳ ነው እንላለን። እነዚያ ሰዎች አንዱን ቋንቋ ከፍ ያደረጉት ሌላውን ለመርገጥ ነው። እኛ የምንለው ማንንም ሳንከለክል የራሳችንን በስሙ እንጥራው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

ሜቲ መልስ አላጣም፤ አራተኛ ተቃውሞ ነበረው። በዚህ መንደር ከአራት ቤት አንዱ የፖርቱጋል ሰው ነው አለ። ቤታችንን የሚገነቡልን፣ ወይናችንን የሚለቅሙልን እነሱ ናቸው። ነገ ቋንቋው የአገር ነው ከተባለ፣ ይህን የማትናገር ውጣ የሚል ጎረምሳ አይጠፋም። እነ አደሊኖ ምን ይሆናሉ? ዮዚያን ይህ ስጋት እሷንም እንደሚያስጨንቃት አልሸሸገችም። «ራሱን እንጠይቀው» አለች፤ የሥራ ቤቱ በር ላይ ደርሰው ነበርና።

አደሊኖ ፌሬራ ከሰሜን ፖርቱጋል የመጣው በ1968 ነው፤ ሃምሳ ሊሞላው ነው። የመንደሩን አዲስ መቃብር ሁሉ የሚቀርጸው እሱ ነው፤ በዚህም ምክንያት የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ የሙት ቃል አንድ መቶ ያህል በቃሉ ያውቃል። ሲገቡ መሮውን አስቀመጠ፤ እጁን በሽርጡ ጠረገና በሉክሰምበርግኛ «እንደምን ዋሉ አቶ ቫይደርት፣ ቃሉ መጣ?» አለ። ሜቲ እንደ ሁልጊዜው በፈረንሳይኛ መለሰለት፤ እንደ ሁልጊዜውም «እርስዎ» እያለ። ሁለቱን ወረቀቶች ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

አደሊኖ ሁለቱንም አነበበ። የፈረንሳይኛው እዚህ ታርፋለች፣ ታማኝ ሚስት፣ ባሏ በሐዘን ያስባታል ይላል። የጀርመንኛው በጌታ ሰላም አንቀላፋች ይላል። ሁለቱም እንከን አይወጣላቸውም። አደሊኖ ግን መሮውን አላነሳም።

«እችላለሁ» አለ። «በሳምንት ይደርሳል። ግን አቶ ቫይደርት፣ ይሄንኑ ለወይዘሮ ሆስ ቀርጫለሁ። ለባለ መድኃኒት ቤቱ እናትም። ይሄ... ሌኒ አይደለችም።»

ሜቲ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ይህን ከማንም በፊት ያወቀው ራሱ ነበር። ባለፈው ክረምት ለድንጋዩ የሚሆን ቃል ፍለጋ የድሮ ደብዳቤዎቻቸውን ሳጥን ከፍቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በደቡብ ባለው የብረት ፋብሪካ አንድ ዓመት ሲሠራ በየሳምንቱ ለሌኒ ይጽፍላት ነበር፤ እሷም ትመልስለት ነበር። ጀርመኖቹ ገና መውጣታቸው ነው፤ ሁለቱ ፍቅረኞች ግን የሚጻጻፉት በጀርመንኛ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያስተማራቸው መጻፊያ እሱ ነዋ። «እጅግ የተከበሩ ወይዘሪት» ይላል የሱ። «ክቡርነትዎ የላኩልኝ ደብዳቤ በእጄ ገብቷል» ይላል የሷ። እሑድ ሲገናኙ ይህንኑ እያነበቡ ይስቁ ነበር። ሌኒ ከሞተች በኋላ ግን እሷ የጻፈችለትን ሃምሳ ሁለት ደብዳቤ አንድ በአንድ አነበበ፤ በአንዱም ውስጥ አላገኛትም።

ይህን ሁሉ ለዮዚያንና ለአደሊኖ ነገራቸው። ለምን እንደነገራቸው እሱም አያውቅም፤ ምናልባት ድንጋዩ ፊት ለፊቱ ስለነበር ነው። ዮዚያን አቃፊዋን ረስታ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። አደሊኖ ሌላ ወንበር ስቦ ጎኑ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ ዮዚያን በመንገድ ላይ የተነሳውን ጥያቄ ለአደሊኖ አቀረበችለት፤ ሕጉ ቢወጣ የሚፈራው ነገር አለ ወይ ብላ። አደሊኖ አሰበ። ከዚያ ቃላት እየመረጠ፣ አንዳንዴም እያጣመመ፣ በሉክሰምበርግኛ ተናገረ።

«እፈራለሁ፣ አዎ። ክፉ ሰው በማንኛውም ነገር ይማታል፤ በቋንቋም ይማታል። ግን ዛሬም እኮ ውጭ ነኝ። አቶ ቫይደርት አይቀየሙኝ። አሥራ አምስት ዓመት እኔ በእናንተ ቋንቋ እጀምራለሁ፣ እናንተ በፈረንሳይኛ ትመልሳላችሁ። ሱቅ፣ ፖስታ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉ ቦታ።»

«እንዳይቸግርዎ ብዬ ነው» አለ ሜቲ፤ ይህንንም በፈረንሳይኛ። «አክብሮት ነው።»

«አውቃለሁ። ደግ ናችሁ። ግን ሰውን አክብሮ ደጅ ላይ ወንበር እንደ መስጠት ነው። ወንበሩ ጥሩ ነው፤ ቤቱ ግን ውስጥ ነው።» አደሊኖ ወደ ዮዚያን ዞረ። «ልማር ብዬ ማዘጋጃ ቤት ጠይቄ ነበር። ይሄ በትምህርት የሚሰጥ ቋንቋ አይደለም አሉኝ። ስም የሌለውን ነገር የት ሄጄ ልማረው? ስም ይኑረው፤ ያኔ አስተምሩኝ ብዬ እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካላችሁኝም እሟገታለሁ።»

ሜቲ አንገቱን ደፋ። እነዚያን ዓመታት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነበር፤ ምናልባት ይህን መልስ የሰጠውም እሱ ራሱ ነው። አላስታወሰውም።

«አንድ ሰው ብቻ አስተማረችኝ» አለ አደሊኖ። «ሌኒ። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የቤታችሁን ደረጃ ስጠግን። ፈረንሳይኛ አላወራችኝም። ወጣች፣ አግዳሚውን በእጇ መታ መታ አደረገችና ‹ትንሽ ተቀመጥ› አለችኝ። አልገባኝም። ደግማ መታችው። ከእናንተ ቋንቋ መጀመሪያ ያወቅሁት ይሄን ነው። ከዚያ በየቀኑ፣ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም፣ ትንሽ ተቀመጥ።»

እውነት ነው፤ ሌኒ በደጇ ያለፈን ሰው ሳታስቀምጥ ለቃ አታውቅም። ፖስተኛውን፣ ቄሱን፣ ቀረጥ ሰብሳቢውን፣ ሁሉንም «ትንሽ ተቀመጡ» ትላለች። የቸኮለ ሰው በሌላ መንገድ ዞሮ ያልፍ ነበር። ሜቲ ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚህ ቃል ሲናደድ ኖሯል፤ ምሳ የሚቀዘቅዘው በሱ ምክንያት ነበርና።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ ሜቲ በመጨረሻ። «ለሌኒ ካልሆነ ለማንም አውርቼው አላውቅም። መንገዱን ስናሰፋ የክሌመን መበለት የወይን ማሳ ግንብ እንዲፈርስ ተወሰነ። ሴትዮዋ ሸንጎ ፊት ቀርባ ‹ይሄን ግንብ ባሌ ድንጋይ በድንጋይ በእጁ ነው የከመረው፤ እኔ ስሞት አፍርሱት፣ እስከዚያ እንዳትነኩብኝ› አለች። አቤቱታዋን እኔ ጻፍኩላት። በፈረንሳይኛ፣ ጥሩ አድርጌ። ‹ባለጉዳይዋ በአፈጻጸሙ ጊዜ ላይ ያላትን ቅሬታ ታቀርባለች› ብዬ። ፈርሚ ብዬ ተርጉሜ አነበብኩላት። እሷም አዳምጣ ‹ይሄ ቃል የኔ አይደለም፤ የተናገረችው ትፈርመው› ብላኝ ወጣች። ቀነ ገደቡ አለፈ። ግንቡ ፈረሰ።»

ሜቲ መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ።

«እኔ ሴትዮዋ አልገባትም ብዬ ነበር» አለ። «ሌኒ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። አሁን ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ትክክል ነበረች፤ ቃሉ የሷ አልነበረም።»

የሚገርመው ይህን ያህል የተማረ ሰው ይህችን ነገር ለመረዳት ሃያ ዓመት መፍጀቱ ነው፤ ግን የተማረ ሰው ከሌላው ዘግይቶ የሚገባው ነገር ብዙ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ሰው ንግግር ሲያሳምርለት፣ ከባለቤቱ እጅ እየቀማው እንደነበረ አላወቀም። ቅን ሰው ስለሆነ ግን ከገባው በኋላ አላንገራገረም። ሁለቱን ወረቀቶች አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከአደሊኖ ጠረጴዛ ላይ ጠመኔ አነሳ። ድንጋዩ ላይ በገዛ እጁ ጻፈ፤ ስሟን፣ ሁለቱን ዓመታት፣ ከሥር ደግሞ በሉክሰምበርግኛ ሁለት ቃል፦ ትንሽ ተቀመጡ።

«መቃብር ላይ ይሄን ያነበበ ሰው እንዳይደነግጥ» አለች ዮዚያን፣ በእንባዋ መካከል እየሳቀች።

«የሚያውቃት አይደነግጥም» አለ ሜቲ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «በይ ያን ደብዳቤሽን አምጪው። እንደገና እንጽፈዋለን። በራሳችን ቋንቋ።»

እዚያው የድንጋይ አቧራ በሸፈነው ጠረጴዛ ላይ ጻፉት። ሜቲ ዕድሜ ልኩን ጸሐፊ ሆኖ እንደዚያ ቀን አልቦት አያውቅም። ፈረንሳይኛው የሰጠውን ያማረ ቃል ሁሉ እየጣለ፣ ሌኒ ብትሰማው ምን ትል ነበር እያለ ነበር የሚጽፈው። ሲያልቅ ደብዳቤው በግማሽ አጥሮ ተገኘ። መጨረሻው ላይ ረቂቁ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ቋንቋው የአገር ከተባለ፣ በአገሩ የሚኖርና መማር የሚፈልግ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ በነጻ እንዲማረው፤ የማይናገረውም በዚህ ምክንያት መብቱ እንዳይነካ። ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም አለ። ዮዚያን ይህ አንቀጽ ከመጀመሪያው መኖር እንደነበረበት አምና ተቀበለች። ሜቲ ፈረመ። አደሊኖ ዜጋ ስላልሆነ ፊርማው አይቆጠርም ነበር፤ ቢሆንም ከሥሩ ስሙን እንዲያኖር ሜቲ እስክሪብቶውን ሰጠው።

በቅዱሳን ሁሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ ነበር፣ ዝናብ ግን አልነበረም። መካነ መቃብሩ በነጭና በቢጫ አበባ ተሞልቷል። ቄሱ በጀርመንኛ ጸለዩ፣ መዘምራኑ በላቲን ዘመሩ፤ ሰዉም በሉክሰምበርግኛ እያንሾካሾከ የየራሱን ሙት ጎበኘ። የሌኒ ድንጋይ ዘንድ የደረሰው ሁሉ ቆመ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፣ አንዳንዱ አፍንጫውን ጠረገ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ብቻ እንዲህ ያለ አነጋገር ለቅዱስ ቦታ አይመጥንም ብሎ አጉረመረመ፤ ጆሮ የሰጠው ግን አልነበረም።

ዘጠና ዓመት የተጠጋችው የክሌመን መበለት በልጅ ልጇ ክንድ ተደግፋ መጣች። ሜቲ ሲያያት ከድንጋዩ ገለል አለላት። አሮጊቷ ጎንበስ ብላ፣ ማንም ሳያነብላት፣ ራሷ አነበበችው።

«ይሄስ የሷ ነው» አለች። ግራ ቀኝ ተመለከተችና ደግሞ «ግን የት ነው የምንቀመጠው?» ብላ ጠየቀች።

በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ምክር ቤቱ ሕጉን አጸደቀው። ሰማይ አልተደፋም፣ ፈረንሳይኛም ጀርመንኛም ከአገር አልወጡም። የሆነው ይህ ነው፤ ጽሕፈት የሚያስፈራው ሽማግሌ ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ለማዘጋጃ ቤት መጻፍ ቻለ፤ መምህርቷ ለሕፃናቱ የቤታቸውን ቋንቋ በስሙ ጠርታ ማስተማር ጀመረች፤ በዚያው ትምህርት ቤት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለመጤዎች ትምህርት ተከፈተ፣ አደሊኖም ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሜቲ የፈራው ክፉ ጎረምሳም አልጠፋም፤ ግን ያ ጎረምሳ ሕግ ሲጠቅስ፣ ሕጉ ማንንም እንዳልከለከለ ጠቅሶ የሚመልስለት ሰው ነበር። አገር የራሱን ቋንቋ አክብሮ ስም ሲሰጠው የሚያተርፈው ይህን ነው፤ የሚናገረው ይኮራበታል፣ የማይናገረውም የሚማርበት ደጅ ያገኛል።

ሕጉ በወጣ በሳምንቱ ለሜርትሊንገን ማዘጋጃ ቤት በሉክሰምበርግኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደረሰ። ጻፊው ሜቲ ቫይደርት ነበር። «የሚስቴ ድንጋይ ሰውን ተቀመጡ ይላል፣ መቀመጫ ግን የለም፤ አግዳሚ ወንበር ይሠራልን» ይላል። አዲሱ ጸሐፊ ሁለት ሳምንት ተጨንቆ፣ አራት መስመር በዚያው ቋንቋ መለሰ። ይሠራል አለ፤ እንዲህ መጻፍ ስላልለመድኩ ይቅርታ ብሎም ጨመረ። ሜቲ ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ስሕተት አገኘ፤ ለማንም አልተናገረም፤ ከሃምሳ ሁለቱ ደብዳቤዎች ጋር ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠው።

አግዳሚው ሌኒ መቃብር አጠገብ የተተከለው በአፕሪል ነው። በዚያው ቀን ሜቲ ተቀምጦ ሳለ አደሊኖ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አንግቶ በአጥሩ በኩል አለፈና እንደ ልማዱ በሉክሰምበርግኛ ሰላም አለው። ሜቲ አፉን ለፈረንሳይኛ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ አግዳሚውን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ትንሽ ተቀመጥ» አለው።